ስለ አሮጌው በር

ቤት መልቀቅ ሲያስቡት ቀላል ነገር ይመስላል። ጓዝ ይታሰራል፤ መኪና ይጠራል፤ ቁልፍ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያም አዲሱ ቤት ተጠርጎ ቡና ይፈላበታል። አንድ ግለሰብ ቤቱን ሲለውጥ የሚቸገር ቢኖር ሊጠይቀው የመጣ ዘመድ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከጎረቤት ጠይቆ ይደርስበታል። የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሥፍራውን ሲለውጥ ግን ነገሩ እንደዚህ አይደለም። ይልቁንም ያ መሥሪያ ቤት ሰው ተበድሎ፣ ተዘርፎ ወይም ዘመዱ ጠፍቶበት እንባውን ሳያደርቅ የሚሮጥበት የፖሊስ መምሪያ የሆነ እንደ ሆነ፣ ከጓዙ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት እኔ ራሴ እንዴት እንደ ተማርኩት ባወራ አንባቢ ይፈቅድልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በአንዲት የዞን ከተማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ቍጥር ስሰጥ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ የኖርኩ ስለ ሆነ፣ አንዲት ወረቀት ከቦታዋ ስትታጣ ስንት ሰው ደጅ እንደሚጠና በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት የከተማችን የፖሊስ መምሪያ ከገበያው አጠገብ ካለው አሮጌ ግቢ ተነሥቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ተሠራው አዲስ ሕንፃ እንዲዛወር ዕቅድ ወጣ። ዕቅዱ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። አሮጌው ግቢ ጠቧል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ይቆማሉ፤ ክረምት በመጣ ቍጥር የምርመራ መዝገቦች ላስቲክ ይለብሳሉ፤ በኤግዚቢት የተያዘው ንብረትም ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ዝናብ ላይ ነው። ስለዚህ መዛወሩን የሚቃወም ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ለዝውውሩ ሥራ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተውጣጥቶ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ታዘዝኩ። በመጀመሪያው ስብሰባ መጨረሻ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ 19 ተራ ቍጥር ያለው ሠንጠረዥ አቀረቡ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ኮምፒውተሩ፣ የሬዲዮ መገናኛው፣ የጦር መሣሪያው፣ ኤግዚቢቱ፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የተጠርጣሪዎቹ ፍራሽ እንኳ ሳይቀር በየዓይነቱ ተጽፎ፣ በስንት መኪና እንደሚጫንና በማን ፊርማ እንደሚረከቡት ተወስኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ የተጣራ ሠንጠረዥ አይቼ አላውቅም። «ሰው» የሚለው ቃል የተጻፈው ግን በአንድ ተራ ቍጥር ላይ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ለጭነት የሚያስፈልግ ሰው፣ 20» ይላል። ይህንንም ልብ ያልኩት በዚያን ቀን አይደለም። በዚያን ቀን ሠንጠረዡን አሳምሬ ገለበጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ነገር አዋቂ ሰው ናቸውና፣ «ከእኛ በፊት የፖሊስ ጠቅላይ መምሪያቸውን ያዛወሩ አገሮች እንዴት አድርገው እንዳዛወሩ አንብበህ፣ ሁለት ገጽ ጽፈህ አምጣልን» አሉኝ። እኔም ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ከመጽሐፍም ከኢንተርኔትም ያገኘሁትን ሰበሰብኩ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሳበው የሎንዶን ከተማ ፖሊስ ታሪክ ነበር። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በ1829 ዓ.ም. የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሮበርት ፒል ለሎንዶን አዲስ የፖሊስ ሠራዊት ሲያቋቁሙ፣ አንድ ወታደርና አንድ ሕግ ዐዋቂ፣ ማለት ቻርልስ ሮዋንና ሪቻርድ ሜይን፣ በኮሚሽነርነት ተሾሙ። መሥሪያ ቤታቸውም ዋይትሆል ፕሌስ በሚባል መንገድ ቍጥር 4 የሆነ አንድ መኖሪያ ቤት ነበር። በደብዳቤ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ይህ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የሚገባው በዚህ በር አልነበረም። የተበደለውም፣ የተሰረቀውም የሚገባው በጓሮ በኩል፣ ግሬት ስኮትላንድ ያርድ ወደሚባለው ሥፍራ በሚያወጣው በር ነበር። ስለዚህ የሎንዶን ሰው ለፖሊሱ መሥሪያ ቤት ስም ሲያወጣ፣ የሹማምንቱን በር ትቶ እርሱ ራሱ የሚያንኳኳውን በር ስም ሰጠው። «ስኮትላንድ ያርድ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያርድ ማለት በቋንቋቸው ግቢ ማለት ነው። እንግዲህ ዝናው በዓለም ሁሉ የተሰማው የፖሊስ መምሪያ ስሙን ያገኘው ከጓሮ በር መሆኑ ነው።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ መሥሪያ ቤቱ በዙሪያው ያሉትን ቤቶችና የፈረስ ጋጣዎች ሳይቀር እየያዘ ተንዛዛ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወሙ አየርላንዳውያን ያጠመዱት ቦምብ ፈንድቶ የሕንፃውን ማዕዘን አፈረሰው። ስለዚህ ሌላ ሥፍራ ተፈለገ። በቴምስ ወንዝ ዳር በ1875 ዓ.ም. የተጀመረ ታላቅ የኦፔራ ቤት ነበር፤ ገንዘብ አልቆበት ሳይፈጸም በመቅረቱ ቦታው ለፖሊስ ተሰጠ። ንድፉን ያወጣው ኖርማን ሾው የተባለ ዝነኛ የሕንፃ ጥበብ ዐዋቂ ሲሆን፣ ለሕንፃው የዋለው ጠጣር ድንጋይ በዳርትሙር እስረኞች እጅ የተፈለጠ ነው። በ1888 ዓ.ም. ሕንፃው በመሠራት ላይ ሳለ በምድር ቤቱ ውስጥ ራስ የሌለው የአንዲት ሴት ሬሳ ተገኘ፤ ገዳይዋም እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ1890 ዓ.ም. ፖሊሶቹ ገቡበት። አዲሱ ሥፍራ ከቀድሞው ግቢ ውጭ ቢሆንም ስሙን ጥለውት አልሄዱም፤ «አዲሱ ስኮትላንድ ያርድ» ብለው ጠሩት።

በ1967 ዓ.ም. ይኸውም ሕንፃ ጠበበና ብሮድዌይ በሚባለው መንገድ ወዳለ ረጅም ፎቅ ተዛወሩ። በዚያም በር ላይ ሦስት ፊት ያለው፣ ሌትና ቀን የሚሽከረከር የስም ሰሌዳ ተተከለ። ቤቱ መጀመሪያ በኪራይ የተያዘ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. 120 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተከፍሎ ተገዛ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የመንግሥት ወጪ እንዲቀነስ ስለ ታዘዘ፣ በ2013 ዓ.ም. ፖሊሶቹ ሕንፃውን ሸጠው ወደ ወንዙ ዳር ወደ አነስተኛ ሕንፃቸው ለመመለስ ማቀዳቸውን አስታወቁ። በ2014 ዓ.ም. በ370 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ለቀው ወጡ። ሲወጡም የሚሽከረከረውን ሰሌዳ ነቅለው ይዘው ሄዱ። በሥራ ላይ ለሞቱ ፖሊሶች መታሰቢያ የሚነደውን መብራትና ስማቸው የተጻፈበትን መዝገብም አልተዉም። የተተወው ፎቅ ፈርሶ በቦታው የባለጸጎች መኖሪያ ተሠራበት።

አዲሱ ሕንፃ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 23 ቀን በንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እንዲመረቅ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ነገር ግን በዋዜማው በፓርላማው አጠገብ አደጋ ተጥሎ ሰዎች ሲሞቱ፣ ኪት ፓልመር የተባለው ፖሊስም የፓርላማውን በር ሲጠብቅ ተወግቶ ሞተ። ምረቃውም ወደ ሐምሌ 13 ቀን ተላለፈ። እኔ ይህን ሳነብ ብዙ አሰብኩ። ከኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤትና ከሕንፃው ውበት ይልቅ፣ የፖሊስነት ሥራ ትርጕሙ የሚገለጠው በበር ላይ በሚቆመው በዚያ ተራ ሰው ነው።

ሎንዶኖች ይህን ሁሉ አሳምረው ሠሩ ለማለት ግን አልችልም። ጠቅላይ መምሪያው በተዛወረበት ዘመን በየሠፈሩ የነበሩ ብዙ የሕዝብ መቀበያ ክፍሎች ተዘግተዋል። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ዕቅድ ደግሞ ለከተማው 32 የአስተዳደር ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው ሌትና ቀን የሚከፈት አንድ መቀበያ ብቻ እንዲቀር ተወሰነ። የተሰጠውም ምክንያት ገንዘብ ለማዳንና አብዛኛው ሰው በስልክና በኢንተርኔት ስለሚያመለክት ነው የሚል ነበር። ምክንያቱ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ «አብዛኛው ሰው» በተባለ ቍጥር ከዚያ ውጭ የሚቀረው ጥቂት ሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ያ ጥቂት ሰው ዘወትር ሽማግሌው፣ ድኻውና ፊደል ያልቈጠረው ነው።

የኒውዮርክ ፖሊስ ደግሞ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ጉልላት ባለው ያማረ ሕንፃ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1973 ዓ.ም. ወደ ሌላ ታላቅ ሕንፃ ተዛወረ። አሮጌው ሕንፃ ለብዙ ዓመት ባዶውን ከቆመ በኋላ የግል መኖሪያ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ወር በከተማው ላይ ያ ታላቅ አደጋ በደረሰ ጊዜ፣ በአዲሱ መምሪያ አጠገብ የሚያልፈው ፓርክ ሮው የተባለ መንገድ ለጥበቃ ሲባል ለተሽከርካሪ ተዘጋ። በዚያ ጎረቤት በሚገኘው የቻይናውያን ሠፈር የሚነግዱ ሰዎችም ገበያችን ተቋረጠ እያሉ ለብዙ ዓመታት አቤት ሲሉ ኖረዋል። ከዚህም የፖሊስ መምሪያ በሄደበት ሥፍራ ሁሉ ጎረቤቱን ሊጠቅምም ሊጎዳም እንደሚችል ተማርኩ።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልጨምር። የሥፍራ ስም ሁልጊዜ በክብር አይታወስም። በአገራችን «ማዕከላዊ» የሚለው ቃል በራሱ ምንም ክፋት የለበትም፤ መካከል ላይ ያለ ማለት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ በዚያ ስም ይጠራ የነበረው የወንጀል ምርመራ ሥፍራ ብዙ ሰው የተሠቃየበት በመሆኑ፣ ስሙ ሲነሣ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. እንዲዘጋና ሙዚየም እንዲሆን በመንግሥት ተነግሮ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ጓዙና ምርመራው ወደ ሌላ ሥፍራ ቢሄድም ትዝታው ከዚያው ከበሩ ላይ ቀረ። እንግዲህ ሕዝብ ለመሥሪያ ቤት ስም የሚያወጣለትና የሚያስታውሰው በበሩ ላይ በተቀበለው መጠን ነው። ስኮትላንድ ያርድም ማዕከላዊም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው።

ሁለቱን ገጽ ጽፌ ጨርሼ መብራት ላጠፋ ስነሣ፣ ስለ ጓሮ በር የጻፍኩት ቃል ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ያን ጊዜ ለብዙ ዓመት ያላሰብኩት አንድ ሌላ በር ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ነው። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ቀደም ብሎ ዐርፎ ስለ ነበረ እናቴ እኛን የምታሳድገው በሁለት በሬዎች ነበር፤ አንዱ ቦራ፣ ሁለተኛው ዳለቻ ይባላሉ። በታኅሣሥ ወር በአንድ ሌሊት ሁለቱም ከበረት ተሰረቁ። የመንደሩ ሰው ዱካ ተከትሎ እስከ ወንዙ ድረስ ሄዶ ጠፋበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ቦራ በሌላ ወረዳ ገበያ በአንድ ከብት ነጋዴ እጅ ተገኘና በፖሊስ ተያዘ። ለእናቴም፣ በጥር ወር አንድ ዓርብ ከጧቱ በ4 ሰዓት ሁለት ምስክሮች ይዛ ቀርባ በሬዋን በምልክቱ እንድትለይ የሚያዝ ወረቀት ተሰጣት። ምልክቱን ለመናገር ምስክር የሚያሻት አልነበረም፤ የግንባሩን ነጭና የተተረተረውን ግራ ጆሮውን እኔም በጨለማ ዳስሼ ዐውቀዋለሁ።

ከመንደራችን እስከዚያ ከተማ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተን፣ እናቴና እኔ ከሁለቱ ጎረቤቶቻችን ጋር ቀጠሮው ሳይደርስ ከበሩ ደረስን። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ከውስጥ አንድ ዘበኛ እሳት ይሞቃል።

«ወንድሜ፣ ለቀጠሮ ነበር የመጣነው» አለች እናቴ።

«እናቴ፣ ፖሊሶቹ እኮ ለቀዋል። ማክሰኞ ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ከወንዙ ማዶ ነው ይላሉ። እኔ የግቢው ጠባቂ እንጂ የእነሱ ሰው አይደለሁም።»

ከወንዙ ማዶ ሄድን። አንዱ ወደ ቄራው፣ ሌላው ወደ ሐኪም ቤቱ ጠቆመን። ስንደርስ ቀትር ሆኖ ሠራተኛው ለምሳ ወጥቷል፤ ዓርብም ስለ ነበረ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። መርማሪው በመጨረሻ ሲመጣ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴን ወንበር ሰጣት፤ ለእኔም ውኃ አስመጣልኝ። ከዚያም ነጋዴው በሰዓቱ ቀርቦ በሬውን ከገበያ መግዛቱን በምስክር ስላስረዳና ከሳሽ ስላልቀረበ፣ በዋስ እንደ ወሰደው ነገረን። እናቴ የሆነውን ስታስረዳው ከልቡ አዘነ። «ቢሆንም፣ መዛወራችንን በማስታወቂያ ገልጸን ነበር» አለ።

ስንወጣ ማስታወቂያውን አየሁት። በአዲሱ ሕንፃ በር ላይ ተለጥፏል። እናቴ ፊደል ስላልቈጠረች እኔ አነበብኩላት፤ መሥሪያ ቤቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ወደዚህ ሥፍራ መዛወሩን ለባለጉዳዮች ሁሉ ያስታውቃል። እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ ይህን የሚያነበው ሰውማ ደርሷል» አለችኝ።

ቦራን ከዚያ በኋላ አላየነውም። ነጋዴው በዋስ የወሰደውን በሬ ሸጦ አገር ለቀቀ። ዋሱን ፍርድ ቤት ለመክሰስ ለእናቴ ገንዘቡም ጊዜውም አልነበራትም። አንድ በሬ እንኳ ቢመለስላት ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብታ ታርስ ነበር። እርሱ ሲቀር ግን መሬቷን ለእኩል ሰጠች፤ በዚያን ዓመትም የእህላችን ግማሽ በሌላ ሰው ጎተራ ገባ። እኔ የተጀመረውን ትምህርት አቋርጬ እስከሚመጣው መስከረም ድረስ የሰው ከብት ጠበቅሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈው በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት በር ሲለውጥ ከአንድ ቤት ውስጥ ምን ሊወጣ እንደሚችል ከዚያ ቀን በቀር ያስተማረኝ የለም።

በሁለተኛው ስብሰባ ጽሑፌን ካነበብኩ በኋላ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሐሳብ መስጠት ልማዱ ባይሆንም ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሠንጠረዡ 19 ተራ ቍጥር አለው። ሃያኛ እንዲጨመርበት እለምናለሁ፤ እርሱም በአሮጌው በር ላይ የሚቆም ሰው ነው» አልኩ። ስለ እናቴ ግን አልተናገርኩም፤ አንደበቴ እንቢ አለኝ። ይልቁንም በመዝገብ ቤት ቋንቋ፣ ከዝውውሩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀጠሮ ያላቸው ባለጉዳዮች ከየመዝገቡ ተለቅመው በየቀበሌያቸው እንዲነገራቸው፣ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ እንዲለፈፍ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ እንዲነገር፣ ባለጉዳይ በአሮጌው በር ቢቀርብ ቀጠሮውን እንዳከበረ ተቈጥሮ በዚያው እንዲመዘገብለት፣ በዚያም ለስድስት ወር አንድ ፖሊስ እንዲቀመጥ አመለከትኩ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ይህ በየትኛው የበጀት መደብ ይያዛል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው የሚያስቅ አልነበረም፤ በእውነትም መደብ አልነበረውም። የፖሊሱ ተወካይ ደግሞ የሰው እጥረት እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ይኸውም እውነት ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ሰብሳቢው፣ «ለፍራሽ መኪና የመደብን ሰዎች ለባለጉዳይ አንድ ሰው ካጣን ሠንጠረዡ ቢቀር ይሻላል» አሉ። ያቀረብኩት ሁሉ ሲጸድቅ ስድስቱ ወር ግን ወደ አንድ ወር ተቀነሰ። ቃለ ጉባኤውንም በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ዝውውሩ በተፈጸመ በሦስተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት በአሮጌው በር አጠገብ አለፍኩ። ዕድሜው ከሃያ ብዙ ያላለፈ ኮንስታብል በጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምርኩዝ የያዙ አንድ አባት ወረቀታቸውን ሲዘረጉለት ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ በደብተሩ ጻፈ፤ ከዚያም ባጃጅ አስቁሞ ለነጂው መንገዱን ነገረውና ደግፎ አሳፈራቸው። ሁሉም ነገር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ ግን የምሳ ሰዓቴ እስኪያልቅ ከዚያ ቆሜ ቀረሁ።

ወሩ ሲያልቅ ኮንስታብሉ ተነሣ። ሰው ግን አሁንም ይመጣል፤ የገጠር ሰው ለጉዳይ የሚመጣው በዓመት አንዴ ወይም በዕድሜው አንዴ ስለ ሆነ፣ ዜናው ሁሉ በአንድ ወር አይደርሰውም። ዛሬ መንገዱን የምታሳየው ከበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ናት። ለዚህ ሥራዋ ደመወዝ የላትም፤ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይም አልተጻፈችም።

አንባቢ ሆይ፣ አገር እያደገ ሲሄድ መሥሪያ ቤቶች መዛወራቸው አይቀርም፤ መዛወርም ይገባቸዋል። በጠባብና በሚያፈስ ቤት ውስጥ ፍትሕ አይሠራም። ይሁን እንጂ ዕቅድ የምናወጣ፣ ሠንጠረዥ የምንሞላና ማስታወቂያ የምንለጥፍ ሰዎች አንድ ነገር እንዳንረሳ እለምናለሁ። የፖሊስ መምሪያ ግንቡ፣ ወንበሩና መኪናው ብቻ አይደለም፤ የተበደለ ሰው በልቡ ይዞት የሚመጣው መንገድም ጭምር ነው። ወንበር በአንድ ቀን ይጫናል፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለ መንገድ ግን በአንድ ቀን አይነቀልም። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በደረሰው ሰው በር ላይ ሳይሆን፣ ገና ባልደረሰው ሰው በር ላይ ነው።

በፋሲካ እናቴን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ስኮትላንድ ያርድ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ስለ ኮንስታብሉና ስለ ምርኩዘኛው አባት ስነግራት ግን ዓይኗን ከፊቴ ሳታነሣ ሰማችኝ። ከዚያም መረቀችኝና የቡናውን ረከቦት ወደ ራሷ እየሳበች፣ «ለቦራ ዘገየ እንጂ ደግ ሠርተሃል» አለችኝ።